ቀይ መስመር የሌለው ካርድ

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ነው። ዘጠኙ ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው፤ ብሩሹን ባጠበበት አኳራጅ፣ በዚያ የቀለም ማስለቀቂያ፣ ጣቶቹንም አንድ በአንድ እየፈተገ ያጸዳቸዋል። አሥረኛው ግን ቀይ ነው። ተቆርጦ እንደገና ቢያድግም ያው ቀይ፤ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከሥጋው ውስጥ የበቀለ ይመስላል።

በመጋዘኑ እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። ጫኞቹ «ጋሽ ቀለም» ይሉታል። «የቀለም ቀንድ ነው ብለን ስንጠጋው የቀለም ቆርቆሮ ሆኖ አገኘነው» እያሉ ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል። ሥራው ሳጥን ላይ መድረሻ መጻፍ ነው። ፊደል የተበሳበትን ስስ ቆርቆሮ ጣውላው ላይ ያስደግፋል፣ በጥቁር ቀለም የረጠበውን ብሩሽ ጠቅ ጠቅ ያደርግበታል፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ሲያነሣው አንዲት ሙሉ ከተማ፣ ከነወደቧ ከነሕዝቧ፣ እዚያው ጣውላው ላይ ብቅ ትላለች። ለሚያየው ተአምር ነው። ለእሱ ግን አርባ አንድ ዓመት የሠራው ሥራ ነው፤ ተአምር በየቀኑ ሲደጋገም ወገብ ያሳምማል።

ከሁሉም አብልጦ የጻፋት ከተማ አንዲት ናት። አንዲት ማለቱ ራሱ ግን ልክ አይደለም፤ በዚያ ስም የሚጠሩ የወደብ ከተሞች በሦስት አገር አሉ። ሽማግሌዎቹ ጫኞች እንደሚያወሩት፣ ከጥንቲቱ ከተማ ተነሥተው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ያረፉበትን ዳርቻ በለቀቁት አገር ስም ጠሩት፤ ልጆቻቸውም በተራቸው ተሻግረው በተራቸው ጠሩት። ሰው ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ የእናቱን መቃብር ጥሎ ሲሄድ ስሙን ይዞ ይሄዳል። ስም አይከብድም፣ ቦታ አይዝም፣ ቀረጥም አይጠየቅበትም።

ሦስተኛዋ ዓሣ አጥማጆች ብቻ የሚኖሩባት ትንሽ ቦታ ናት፤ ለእሷ ሳጥን የላከ ሰው አልታየም። ሁለቱን የመጋዘኑ ሰዎች «ቅርቧ» እና «ሩቋ» ይሏቸዋል። ቅርቧ በመርከብ የአራት ቀን መንገድ ናት፤ ሩቋ የአሥራ ዘጠኝ። ከመቶ ሳጥን ዘጠናው ወደ ቅርቧ ነው የሚሄደው።

ጋሽ ቀለም ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ሩቋ ላይ ለተሠሩ ትምህርት ቤቶች የታዘዙ ሃያ አራት ደወሎች ቅርቧ ወርደው ስድስት ወር ድምፃቸውን አጥፍተው ተቀመጡ። ያኔ የነበረው አለቃ ጸጉሩን እየነጨ «ይሄን ነገር አንድ ታደርጉት እንደሆነ አድርጉት!» ብሎ ጮኸ። መላውን ያመጣው ጋሽ ቀለም ነው። ሩቋ በሚሄደው ሳጥን ላይ፣ ከስሙ ሥር፣ አንድ ቀይ መስመር። ለዚያች መስመር ብሎ ሌላ ብሩሽ ማርጠብና ማጠብ ታካች ስለሆነ አውራ ጣቱን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሮ ጣውላው ላይ አንዴ ሸርተት ያደርገዋል። አለቀ።

«የአገሩን ስም ለምን አትጽፍበትም?» አለው አለቃው።

«ግማሾቹ ጫኞች ማንበብ አይችሉም፣ ጌታዬ። ቀይ ግን ላነበበም ላላነበበም ቀይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በመጋዘኑ ሕጉ ይኸው ሆነ፦ ቀይ ያለበት ሩቋ፣ ቀይ የሌለበት ቅርቧ። የትም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ግን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሳጥን አልተሳሳተም።

ሩቋ ከተማ ውስጥ እኅት እንዳለችው የሚያውቅ አንድም ባልደረባ አልነበረም።

ታላቁ ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ትምህርት ቤት የላከችው፣ ሲያጠፋም የቆነጠጠችው እሷ ናት። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ እሷ «ጩጬ»። ጢም ካበቀለም በኋላ ያው ጩጬ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እትዬ ሩቋ ከተማ የስፌት ሥራ አገኘች። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» አለችው። አላመናትም። በምትሄድበት ቀን ወደቡ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ መጣና፣ ዕቃዋ ሲጫን ሹልክ ብሎ ጠፋ። ከመጋዘኑ አጠገብ ከተጋደሙት ባዶ በርሜሎች አንዱ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ሳልሰናበታት ትሂድ፣ ሲቆጫት ይኑር ብሎ ነው። እሷ ከመርከቡ መሰላል ሥር ቆማ ጠራችው። «ጩጬ!» አለች። ቆይታ ደግሞ «ጩጬ!» አለች። ሦስተኛውን ጥሪ የመርከቡ ጥሩንባ ዋጠው። ከበርሜሉ ሲወጣ መሰላሉ ተነሥቷል።

ሁለት ዓመቱ አርባ አንድ ሆነ። እዚያው አገባች፣ እዚያው አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፣ ባሏንም እዚያው ቀበረች። እሱ በዚያው በሄደችበት ዓመት መጋዘኑ ተቀጠረ። ለምን ሌላ ሥራ እንዳልፈለገ ለማንም አልተናገረም። የሄደችበትን ከተማ ስም በእጁ እየጻፈ ወደ እሷ መላክ፣ ደብዳቤ ባይሆንም፣ ይቅርታም ባይሆን፣ ለእሱ አንድ ነገር ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ በስልክ ሲገናኙ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ኑሮ ያወራሉ። ስለ በርሜሉ እሱ አላነሣም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሆድ ይፍጀው ተብሎ ተቀመጠ።

ከዕለታት አንድ ቀን ማታ የእትዬ ልጅ ደወለች።

«አጎቴ፣ እማዬ ታማለች። ሳንባዋ ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ወር ብለዋል፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አታድርጉ ብለውናል።» እዚያ ተወልዳ ያደገች ናትና አንቱታ አይሆንላትም። «አንተን ትጠራለች።»

«ምን ብላ ነው የምትጠራኝ?»

«ጩጬ ብላ።»

ስልኩን ዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ፊቱን ስታይ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች።

«ሂድ» አለችው።

«እንዴት ብዬ?»

«እንዴት ብዬ ይላል እንዴ! አርባ ዓመት የሰው ዕቃ መንገድ ስታስይዝ ኖረህ፣ ለራስህ ሲሆን ጠፋህ? ነገ አለቆችህን ጠይቅ። እኔን ለመጠየቅ ሦስት ዓመት እንደፈጀህ እንዳትፈጅ ብቻ።»

ድርጅቱ የቆየ ልማድ አለው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ድርጅቱ በሚጭንባቸው መርከቦች ላይ ወደፈለገበት ወደብ አንድ ጊዜ በነፃ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ። አብዛኞቹ ሳይጠቀሙበት ጡረታ ይወጣሉ፤ ወደብ ላይ የሚኖር ሰው ባሕር አያጓጓውም። ለሰው የተዘጋጀ ቅጽ ስለሌለ ተጓዡም እንደ ዕቃ የመድረሻ ካርድ ይጻፍለታል። የጭነት ጸሐፊዋ ካርዱን አይታ የመርከቡን ወረቀትና የመግቢያ ፈቃዱን ታዘጋጃለች። ሁሉም በአንድ ፖስታ ይታሸግና ለመርከቡ ሹም ይሰጣል።

የጭነት ጸሐፊዋ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ነገር አጥብቃ የምትይዝ ሴት ናት። ቢሮ ከመግባቷ በፊት ስድስት ዓመት ከጋሽ ቀለም ጎን ቆማ ቆርቆሮ ይዛለታለች። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

«ጋሼ! እርስዎም ሊሄዱ?» አለች፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ወዴት ነው?»

ስሙን ነገራት።

«ማን አለዎት እዚያ?»

«ዘመድ አለኝ» አለ። እትዬን በዚያ ቢሮ፣ በፋይሎቹና በማኅተሙ መሃል፣ ሊያነሣት አልፈለገም።

«ደግ አደረጉ። ይኸው ካርዱ። የርስዎን ካርድ ከርስዎ በላይ ማን ሊጽፈው ነው?»

በምሳ ሰዓት፣ መጋዘኑ ጭር ሲል ጻፈው። ቆርቆሮ አልተጠቀመም፤ የእትዬን ከተማ ስም በቆርቆሮ መጻፍ ነውር መሰለው። ትንሿን ብሩሽ አውጥቶ፣ ጫፏን በከንፈሩ አሹሎ፣ ፊደል በፊደል፣ ትንፋሹን እየያዘ ጻፈ። እንደዚያ አሳምሮ ጽፎ አያውቅም። እያንዳንዱን ፊደል ሲጨርስ አንድ ነገር ያስታውስ ነበር፤ የእትዬን መርፌ የያዘ ከንፈር፣ ጸጉሩን ስታበጥርለት አገጩን የምትይዝበትን እጅ። የቀይ ቀለሙ ጣሳ ክዳኑ እንደተዘጋ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። አልከፈተውም።

ጸሐፊዋ ካርዱን ስትቀበል ራቅ አድርጋ አየችው። «ምነው ጋሼ፣ ይሄስ ተሰቅሎ የሚታይ ነው!» አለች። ከዚያ እንደ ደንቧ ከስሙ ሥር ተመለከተች። ንጹሕ ነው። መዝገቡን ገልጣ ቅርቧ በሚለው ዓምድ ሥር አስገባችው።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቱ ወደቡ ድረስ ሸኘችው። «በነገራችን ላይ» አለችው፣ የኮቱን አንገት እያስተካከለች፤ «አርባ ዓመት ያላየችህ እኅትህ ይሄን መላጣ ስታይ ሌላ ሰው ላካችሁልኝ እንዳትል ፎቶህን ያዝ።» መርከቧ ካሰበው በላይ ትንሽ ነበረች። ትንሽ ገረመው። ግን ዕድሜውን በመጋዘን ውስጥ የጨረሰ ሰው ስለ መርከብ ምን ያውቃል? ተሳፈረ። ምግብ አብሳዩ ከማእድ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ አልጋ ሰጠው። ሦስት ቀን ተኝቶ፣ ተነሥቶ፣ አስመልሶ፣ ደግሞ ተኝቶ፣ ለእትዬ የሚላትን ቃል ሲያዘጋጅ ከረመ። አሥራ ዘጠኝ ቀን አለው፤ አሳምሮ ያዘጋጀዋል። ከመጀመሪያው ቃል ግን አላለፈም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ምግብ አብሳዩ በሩን አንኳኳ።

«አባት፣ ተነሡ እንጂ። ደርሰናል።»

«የት?»

«ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

ጋሽ ቀለም ስሙን ተናገረ።

«እኮ! እሷው ናት።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው እኮ መንገዱ።»

ሰውዬው ሳቀ። «እየቀዘፉ ቢመጡ ነዋ!»

በካልሲው ወደ ላይ ወጣ። ማለዳ ነው፤ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ከጭጋጉ በላይ፣ በወደቡ ትልቅ በር ግንባር ላይ፣ ያ ስም ሰው በሚያህሉ ፊደላት ተጽፏል። ከስሙ በታች ደግሞ ከመርከቧ ሆድ እየወጡ ዳርቻው ላይ የሚደረደሩ ሳጥኖች አሉ። ሁሉም የእሱ ናቸው። የገዛ እጁ ጽሑፍ ሰልፍ ወጥቶ ተቀበለው። አንዱም ላይ ቀይ የለም።

ያኔ ገባው። ቆሌው ተገፈፈ፤ የመርከቧን ብረት ጨብጦ ቆመ። ለሌላ ሰው ዕቃ ቢሆን ጣቱ ሳያስበው ወደ ቀዩ ጣሳ ይሄድ ነበር። ለሳጥን ቀይ ያስፈልጋል፤ ሳጥን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። እሱ ግን ያውቅ ነበር። ካርዱን ሲጽፍ በዓለም ላይ በዚያ ስም የምትጠራ አንዲት ከተማ ብቻ ነበረች፤ በውስጧም አንዲት ሴት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል?

በወደቡ ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት አስቀመጡት። መነጽራም ሹም ወረቀቱን አገላብጦ ሲያበቃ፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጁ አስረዳው። ፈቃዱ የዚህ አገር ነው፣ ለአሥር ቀን ብቻ። ከዚህ ተነሥታ ወደዚያኛዋ የምትሄድ መርከብ የለችም። የዚያኛውን አገር ፈቃድ እዚህ ሆነው ቢጠይቁ አርባ ቀን ይፈጃል። የመጡበት መርከብ በአሥረኛው ቀን ይመለሳል፤ በእሱ መሄድ ነው። ጋሽ ቀለም አርባ ቀኑንና የመንገዱን አሥራ ዘጠኝ ቀን ከእትዬ ሁለት ወር ላይ በልቡ ቀነሰ። የሚተርፍ የለም።

ከመርከበኞች ማረፊያ ስልክ ደወለ። ያነሣችው ልጅቷ ናት።

«አጎቴ! መርከብ ላይ ስልክ አለ እንዴ?»

«ወርጃለሁ።»

«የት ወረድክ?»

ስሙን ነገራት። ከዚያ ቀስ ብላ «የትኛዋ?» አለች።

ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሳጥን ላኪዎችን ሲጠይቅ የኖረው እሱ ነው። አንድ ቀን የሚመልሰው መስሎት አያውቅም።

«ቅርቧ» አለ፤ እንዴት እንደሆነም ነገራት።

«ሳጥን ብትሆን ኖሮ ትደርስ ነበር» አለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ያልተኛች ልጅ ናት። ወዲያው ከወዲያ ማዶ ቀጭን ድምፅ «ስጪኝ፣ ስጪኝ» ሲል ተሰማ።

«ጩጬ?»

«እትዬ።»

«ልጄ ምንድን ነው የምትለው? የት ነው ያለኸው?»

እንደገና ነገራት። ሰምታው ስትጨርስ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ረጅም ሆነ፣ ጋሽ ቀለምም እስኪያልፍ ድረስ ጆሮውን ከስልኩ ሳያነሣ ጠበቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ያኔም ያንተ ነበር።»

«መቼ?»

«በርሜል ውስጥ የገባህ ጊዜ።»

የማረፊያው ጠባቂ ወንበር ገፋ አደረገለት።

«ታውቂ ነበር?»

«እግርህ ውጭ ቀርቶ ነበር እኮ፣ አንተ ሞኝ። እኔ የገዛሁልህን ጫማ አላውቀውም?»

«ታዲያ ለምን መጥተሽ ጎትተሽ አላወጣሽኝም?»

«ባወጣህ ኖሮ አልሄድም ነበር» አለች።

አርባ አንድ ዓመት ሲቆጫት ይኑር ብሎ የደበቀባትን እግር፣ እሷ አውቃ ትታው ሄዳለች። ማን ማንን እንዳልተሰናበተ አሁን ማወቅ አልቻለም።

«በል ቶሎ ና» አለችው፤ «እኔ እንደ ሳጥንህ መጋዘን ውስጥ ዓመት አልቀመጥም።»

በየማለዳው ወደቡ ቢሮ ሄዶ ያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን መነጽራሙ ሹም ሰላም ይለው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ሻይ አመጣለት። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ግን በእጁ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቀለም በከተማዋ ጎዳናዎች ይዞራል። የዳቦ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የአውቶቡሱ ግንባር፣ ሁሉም ያ ስም ተጽፎባቸዋል። ሰዎቹ ስሙን ሲጠሩት የቤታቸውን ስም ነው የሚጠሩት፤ ልጆቻቸውን ያሳድጉበታል፣ ይጣሉበታል፣ ያረጁበታል። ምንም አላጠፉም። ግን እያንዳንዱ ታፔላ ላይ የእትዬን ከተማ ስም ሰርቀው የለጠፉት መሰለውና ጠላቸው። ሰው አንዲት ከተማን፣ ስሟ ትክክል ስለሆነ ብቻ፣ እንዲያ ሊጠላ መቻሉ ይደንቃል።

በስምንተኛው ቀን የማረፊያው ጠባቂ ለስልክ ጠራው።

«ከትናንት ወዲያ ጠዋት ነው» አለች ልጅቷ። «ትናንት ቀበርናት። ቶሎ ያልደወልኩልህ ምን ብዬ እንደምደውል ጠፍቶኝ ነው።»

ጋሽ ቀለም ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ ከደወልክ በኋላ፣ ከመርከብ ወረደ ሲባል ሰምተው ጎረቤቶቹ ሊያዩህ መጡ። ወንድሜ እየመጣ ነው ብላ ለሁሉም ነግራ ነበርና። እማዬ ምን አለቻቸው መሰለህ? ‹ደርሷል፤ ወደቡ ላይ ነው፤ ወረቀት ጎደለህ ብለው አቆሙት› አለቻቸው። ማንም እንዳይስቅብህ ብላ። በየቀኑ ይጠይቃሉ፣ በየቀኑ ‹ዛሬም አልለቀቁትም› ትላቸዋለች። ቀብሯ ላይ ደግሞ እኔን ጠየቁኝ። ምን ልበል? ‹መልሰውታል› አልኩ። ሴቶቹ የወደቡን ሹማምንት ሲረግሙ ነው የዋሉት። ላንተ ሁሉ አለቀሱልህ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ጊዜ ጆሮው ላይ ይዞት ቆየ። ጠባቂው ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደለት።

መርከቧ መልሳ ስታመጣው ጸሐፊዋ ወደቡ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ባለቤቱ ነግራታለች። ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀይ የለውም ነበር» አለች፣ ሰላምታም ሳታቀርብ። «እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? ‹ቀይ ከሌለው አትጠይቂ፣ ቅርቧ ነው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ።»

«ካርዱን ይዤዋለሁ። ላሳይዎት?»

«አታሳዪኝ።»

ይሻል ነበር አንድ ሰነፍ ጸሐፊ፣ አንድ ሰካራም የመርከብ ሹም ቢገኝ። የተጎዳ ሰው የሚረግመው ሰው ሲያገኝ ትንሽ ይቀለዋል። የእትዬ ጎረቤቶች እንኳ የሚረግሟቸው ሹማምንት አላቸው። እሱ ከራሱ ሕግ በቀር የሚከሰው አጣ፤ ሕጉ ደግሞ አልተሳሳተም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ቢሉት ሲስቅ የኖረ ሰው ነው። አሁን ተረቱ ሲተረትበት አላሳቀውም። ጫኞቹ አንድ ሳምንት ጨዋ ሆነው ቆዩ፤ በሁለተኛው ሳምንት አንዱ «ጋሽ ቀለም፣ እንደው ቤትዎን አያጡትም አይደል?» አለው። ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ሩቋም ቅርቧም የሚሄዱትን፣ አንድ ሳይስት።

ሦስት ወር አለፈ። ጋሽ ቀለም በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ውጭ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ለጠየቀው ሰው እያወራ ሳለ ጸሐፊዋ ከቢሮ በኩል እየሮጠች መጣች። ሮጣ የምታውቅ ሴት አይደለችም።

«ጋሼ፣ ፈቀዱ! አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደንቡ እያሉ ስንት ቀን አመላለሱኝ፤ በመጨረሻ ፈቀዱ። ሩቋ! ወረቀቱን ሁሉ እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ የአገሩን ስም ጭምር። መቃብሯን ያያሉ። ልጅቷን ያያሉ።»

ደስታዋ ፊቷ ላይ ነበር፤ ለሦስት ወር የተሸከመችውን ዛሬ ልታወርድ ነው የመጣችው።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለ። «እዚያ ስደርስ ጎረቤቶቿ ምን የሚሉኝ ይመስልሻል?»

«ምን ይሉዎታል? እግዜር ያጽናዎት ነው የሚሉት።»

«እሱስ ባልከፋ። ‹ግፈኞች! ከደጅ መለሱህ አይደል?› ነው የሚሉኝ። እጄን ይዘው ያለቅሱልኛል። እኔ ምን ልመልስ? ማንም አልመለሰኝም ልበል? እትዬ ትንፋሽ እያጠራት በየቀኑ የዋሸችልኝን ሄጄ ላፍርስባት? ወይስ አንገቴን ደፍቼ ባልተበደልኩት በደል ልጽናና?»

«ዝም ይበሏዋ፣ ጋሼ። ዝም ማለት ምን ይከብዳል?»

«ለሌላ ሰው አይከብድም ይሆናል። እኔ የዝምታ ድርሻዬን በርሜል ውስጥ ጨርሻለሁ።»

ጸሐፊዋ የያዘችውን ወረቀት አጥፋ መልሳ ዘረጋችው።

«ታዲያ ልሰርዘው?»

«ሰርዢው።»

«ጋሼ፣ ሁለተኛ አይፈቅዱም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

አንገቷን ደፍታ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች፤ አሁን ሳትሮጥ። ጋሽ ቀለም የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠመ። ከጎኑ ተቀምጦ ታሪኩን ሲሰማ የነበረው ሰው «እኅትዎ ግን ይቅር ብለውዎታል እኮ» አለ።

«ብላኛለች» አለ ጋሽ ቀለም። «ማለቷን የሰማሁት በስልክ ነው።»

ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ የሱሪውን አቧራ አራገፈ። ከሰዓት በኋላ የሚጫን ስልሳ ሳጥን እንዳለበት ተናገረ፤ ደኅና ዋል አለ። ጭነት ያንጠለጠለው ክሬን ከፊቱ እስኪያልፍ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ካለፈለት በኋላ ወደ መጋዘኑ ሄደ፤ ዞሮም አላየ።